የእማማ መንጠቆ በር

በቅሎዎቹ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጠመንጃ ላይ የሚመታውን የማኅተም ብረት የተጫነችው ግራጫዋ አዳለጣትና ጭነቷ ወደ ሆዷ ዞረ። አሥር አለቃው ከሰልፉ ወጥቶ ሮጠ። ጠፍሩን ይዞ፣ ትከሻውን ከጭነቱ ሥር አስገብቶ ቀና ሲያደርግላት፣ ዓይኑ ሳያስበው ወደ ሸለቆው ሄደ። ድልድዩ፣ የድንጋዩ ግንብ፣ ከግንቡ ወዲያ የተደራረቡት የሸክላ ጣሪያዎች እንደነበሩ ናቸው። ጠባቡ በርም እንደነበረ ነው። ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

"ደረስን እኮ!" አለ ከኋላው ያለው ወታደር። "የዲዳዎቹ አገር! ጓዶች፣ በአፍ ነው የምናነጋግራቸው በምልክት?"

ሰልፉ ሳቀ። አሥር አለቃውም ሳቀ። ከሁሉም አስረዝሞ የሳቀው እሱ ነበር።

ቀልዱ በየጦር ሰፈሩ የታወቀ ነው። በዚህች ከተማ ደንብ ጠመንጃ ይዞ የሚገባ ሁሉ መዝጊያውን፣ ያንን ጥይቱን ከኋላ የሚቆልፈውን ባለ እጀታ ብረት፣ በሩ ላይ አውልቆ ይሰጣል። ጠመንጃው ከትከሻው አይወርድም፣ ሰውየውም እንደ ወንድ ነው የሚገባው፤ ብረቱ ግን አይናገርም። ሲወጣ መዝጊያውን ተቀብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በጦር ሰፈሩ የዚህች ከተማ ሰው "ዲዳ" ነው። አሥር አለቃው ለመቀጠር በተሰለፈበት ቀን ከፊቱ የነበረው ጎልማሳ የዚህች ከተማ ልጅ ነኝ ሲል ግቢው በሳቅ ሲያልቅ ሰማ። ተራው ሲደርስ ከሸንተረሩ ማዶ ያለችውን መንደር ጠራ። ውሸቷ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። ዓመት በዓመት አዲስ ልብስ ሲሰፋላት አደገች፤ ኋላም ከእሱ በላይ ሆነች።

ሻለቃው በፈረስ ከፊት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። የራሱን የውሃ ኮዳ ለደከመ ወታደር የሚያቀብል፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ነው። ሊያነብ የመጣውን የመንግሥት አዋጅ በቆርቆሮ ቱቦ አድርጎ ከኮርቻው ጋር አስሮታል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወረደና፣ "አሥር አለቃ፣ ከጎኔ ሁን" አለው። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ከሁሉም ወታደር ቀድሞ በሩ ላይ የደረሰው።

የበሩ ክፍል ጠባብ ነው። በኖራ የተለቀለቀው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መንጠቆ በመንጠቆ ነው፤ ከየመንጠቆው ሥር የባለቤቱ ምልክት የተቀረጸበት ቁራጭ ቆዳ ተመቷል። ዕለቱ የውሃ ክርክር የሚሰማበት ነበርና፣ የላይኞቹም የታችኞቹም፣ አንድን ቦይ የሚጋሩት ሁለቱ ቤተሰቦች፣ ገብተው መዝጊያዎቻቸው ተሰቅለዋል። መዝጊያ ሁሉ በዘይት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ከመስኮቱ ኋላ፣ ጨርቋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከተማው እማማ መንጠቆ የሚላት ሴት ተቀምጣለች።

የአሥር አለቃው አባት የሞተው፣ እሱ ልጅ ሳለ፣ እዚህ ገበያ ላይ በተነሣ ተኩስ ነው። ሽማግሌዎቹ ደንቡን ያወጡት ከቀብሩ ሲመለሱ፣ የእግራቸውን አፈር ሳያራግፉ ነበር። መጀመሪያ በሩ ላይ ጉልበተኛ ሰው አስቀመጡ። ሳምንት ሳይሞላ ጠቡ በሩ ላይ ሆነ፤ ወንድ ብረቱን ለወንድ አይሰጥም። ቀጥለው የሟቹን ሚስት አስቀመጧት። ለእናት መስጠት መሸነፍ አይደለም አሉ። እሷም ሕፃን እንደምትቀበል በሁለት እጇ ትቀበልና፣ "እግዜር ይስጥልኝ፤ ሲወጡ እንገናኝ" ትላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በግንቡ ውስጥ ጥይት ጮኾ አያውቅም።

እጇን በመስኮቱ አወጣች። ደንቡ የመንግሥትንም ሰው አይምርም። ቀና ስትል አየችው።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ጺም አውጥቷል፣ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ ነው፣ የደንብ ልብሱ ትከሻውን ሌላ ሰው አስመስሎታል። ይህ ሁሉ እናትን አያሳስትም። አሥር አለቃው በዓይኑ ለመናት። ምን ብሎ እንደለመናት እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

እጇን መለሰችና ጭኗ ላይ አደረገችው።

"እንደምን አረፈዱ፣ ጌታው ወታደር" አለች።

ከዚያች አፍ አንቱታ ሰምቶ አያውቅም። በዚያች አፍ ተቆጥቷል፣ ተመርቋል፣ በቁልምጫ ተጠርቷል።

"ደህና ነኝ እናቴ" አለ፤ መንገደኛ ለማያውቃት ባልቴት እንደሚለው።

በዚህ መሐል የከተማው ሹም የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ፣ እያለከለኩ ደረሱ።

"ሻለቃ፣ እንኳን ደህና መጡ! ቤት አለ፣ ውሃ ሞቋል፣ ብቻ ብረቱን እዚህ ጣል ቢያደርጉልን። የአገሩ ደንብ ሆኖ ነው።"

"እኔም የመጣሁት ለደንቡ ነው፣ ክቡር ሹም" አለ ሻለቃው። ቱቦውን ከፍቶ፣ ወረቀቱን በግንቡ ላይ ዘርግቶ አነበበ። ከእንግዲህ የመንግሥት ማኅተም የተመታበትን ጠመንጃ፣ ሙሉውንም ሆነ ክፋዩን፣ ከባለቤቱ እጅ የመቀበል ሥልጣን ያለው መንግሥት ብቻ ነው። ከተማም ሆነ አውራጃ፣ ሹምም ሆነ ሽማግሌ፣ በመሣሪያ ነገር የራሱን ደንብ አያወጣም፤ ያወጣውም ተሽሯል።

ሹሙ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ፣ "መንግሥት ሩቅ ነው፣ ሻለቃ" አሉ። "ገበያው ነው ቅርብ። ሰው ሲወድቅ አንሥተን የምንቀብረው እኛ ነን።"

"እሱን አውቃለሁ። እርስዎም ይህን ይወቁልኝ። ባለፈው የደረስንባት ከተማ ሹሟ እንደርስዎ ደንብ አውጥቶ ነበር። የጠላቶቹን ብረት ሰበሰበ፣ ለዘመዶቹ ተወላቸው። ከዚያ በኋላ ማን የማንን ከብት እንደነዳ ልንገርዎ? አንድ ሕግ ይሁን የተባለው ለዚህ ነው። ደግሞ በድንበሩ በኩል ነገር አለ። ሰዉን ለዘመቻ ስጠራው መዝጊያዬ ከባልቴት ቤት ነው ሊለኝ ነው?"

"እኛ ዘንድ ለዘመድ የሚባል ነገር የለም!"

ሻለቃው በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ግድግዳውን አየ። ረዥም ጊዜ አየ።

"እናቴ፣ ይህ መንጠቆ ለምን ባዶ ሆነ? ቆዳውም አዲስ ነው፤ ብረት የተሰቀለበት አይመስልም።"

ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቲቱ ጨርቋን አጠፈች፣ ዘረጋች።

"የሹማችን አማች ነው፣ ጌታዬ" አለች። "ሳይሰጠኝ ነው የሚያልፈው። ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ..." አሉ ሹሙ።

"ይጠይቁኛል፣ ልዋሽ?"

የሹሙ ፊት እስከ ጆሯቸው ቀላ። ሻለቃው ግን የረታ ሰው ፊት አልነበረውም። ጓንቱን አውልቆ ግንባሩን በእጁ አሻሽቶ ወደ ወታደሮቹ ዞረ።

"ከእናንተ ውስጥ ይህን ከተማ የሚያውቅ አለ?" አለ ጮክ ብሎ። "የዚህ ተወላጅ፣ ወይም የኖረበት? ደንቡ ቢሻር ምን ይሆናል? እውነቱን የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ምንም አላደርገውም።"

አሥር አለቃው አፉን ከፈተ። እዚያው ከኋላው ያ ወታደር ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ እንደ ዲዳ፣ "ም... ም... ም" አለ። ሳቅ ተንጫጫ። አሥር አለቃው አፉን ዘጋ።

"የለም" አለ ሻለቃው። እንደገና ወደ መንጠቆዎቹ አየ። "እንግዲያስ አዋጁ ይፈጸም። መዝጊያው ሁሉ ለባለቤቱ ይመለስ። አሥር አለቃ፣ አንተ ተረክበህ አድል።"

እሳት ተያይዞ የማኅተሙ ብረት እስኪግል ድረስ ወታደሮቹ ከግንቡ ጥላ ሥር አረፉ። በዚያ በኩል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑ፣ ባለ መስመር ዱላ የያዙ ሽማግሌ መጡ። የውሃ አባት ናቸው፤ ለየማሳው ውሃ የሚያካፍሉት፣ በዱላቸው እየለኩ የላይኛውንም የታችኛውንም ሲያስኮርፉ የኖሩት።

"ወታደሮች፣ ጠጡ!" አሉ ወደ ቦዩ እያሳዩ። "አትፍሩ፣ እኔ የምጣላው ማሳ ከሚያጠጣ ጋር እንጂ ከሚጠጣ ጋር አይደለም። ሚስቴ ብቻ ናት ከሁለቱም የምታጣላኝ።"

ሳቁላቸው። ሽማግሌው እየቀለዱ ዞረው ዞረው አሥር አለቃው አጠገብ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እነዚህን ጆሮዎች አባትህ ላይ አውቃቸዋለሁ።"

"ተሳስተዋል፣ አባባ።"

ሽማግሌው ጥቂት አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

"ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ" አሉ። "እኔ የመሰለኝ ልጅ እናቱን ሳይስም በዚህ በር አያልፍም ነበር።" ጀርባውን መታ መታ አድርገውት ወደ አዳራሹ ሄዱ። ለማንም አልተናገሩም።

መዝጊያዎቹን ለመረከብ ወደ ክፍሉ ሲገባ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እናቱ ከየመንጠቆው ታወርዳለች፣ ምልክቱን አይታ የባለቤቱን ቤት ትጠራለች፣ እሱም ይቀበላል። ግድግዳው ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ከውጭ የወታደሮቹ ወሬና የበቅሎዎቹ ኮቴ ይሰማል እንጂ እዚህ የሚሆነውን ማንም አያይም፣ ማንም አይሰማም። እማዬ ማለት ይችል ነበር። ጉልበቷ ላይ መውደቅ ይችል ነበር። እጁን ለሚቀጥለው መዝጊያ ዘረጋ።

"ቀስ ብለው ይያዟቸው" አለች ሳታየው። "ዘይት አላቸው። ልብስዎ እንዳይነካ።"

ጠመንጃዎቹ ሰደፋቸው ላይ በጋለው ብረት ማኅተም ተመታባቸው፤ የተቃጠለ እንጨት ሽታ በሩን ሞላው። አሥር አለቃው ለእያንዳንዱ ሰው መዝጊያውን ሲሰጠው፣ ሰዎቹ ዓይናቸውን ሰብረው ተቀበሉ፤ የራሳቸውን ዕቃ ሳይሆን የተሰረቀ ዕቃ የሚቀበሉ ይመስሉ ነበር። አንዱ ሸምገል ያለ የታችኞቹ ሰው፣ "እኔ ልተወው ብል?" ብሎ ጠየቀ። "የላይኞቹ ከወሰዱ ግን..." አለና ወሰደ።

አዳራሹ ውስጥ ላይኞቹ በቀኝ፣ ታችኞቹ በግራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠመንጃው ከየጉልበቱ መሐል ቆሟል፤ ሙሉ ነው። ሹሙና ሻለቃው ከጠረጴዛው ኋላ ናቸው። ወታደሮቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ አሥር አለቃው በሩ ላይ ቆሟል። ክርክሩ ሊከፈት ሲል እማማ መንጠቆ ጨርቅ ያነጠፈችበትን ቅርጫት ይዛ ገባች። ቤቱ ጸጥ አለ።

"ጌታዬ" አለች ለሻለቃው፣ "አዋጁ ሰው በፈቃዱ ቢሰጠኝም ይከለክላል?"

ሻለቃው አሰበ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ከልቡ አሰበ።

"በፈቃዱ ከሆነ አይከለክልም" አለ። "ማስገደድ ነው የተሻረው። ሊሰጥዎ የወደደ ይስጥ፤ ከእኔ ሰዎችም ቢሆን።"

በአዳራሹ ትንፋሽ ተሰማ። ግን ማን ይጀምር? ላይኞቹ ታችኞቹን አዩ፣ ታችኞቹ ላይኞቹን። ቀድሞ የሰጠ ፈራ ይባላል። እሷ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ወደ አንዳቸውም አልሄደችም። ዞረች፣ ወደ በሩ መጣች፣ አሥር አለቃው ፊት ቆመች። መንግሥት ከሰጠ ማንም ፈራ አይባልም።

"ጌታው ወታደር" አለች፣ ቅርጫቱን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ። "የእርስዎን ቢያበድሩኝ? ክርክሩ እስኪያልቅ ብቻ።"

ዘይት የበላው ጣቷን አየ። ከጎኑ ያ ወታደር ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "አሥር አለቃችን ዲዳ ሊሆን ነው" ብሎ አንሾካሾከ።

"ለወታደር አይፈቀድም፣ እናቴ" አለ አሥር አለቃው።

ውሸት ነበር፤ ሻለቃው አሁን በሁሉም ፊት ፈቅዶ ነበር። ሻለቃው ቀና ብሎ አየው፤ የወታደር ኩራት ነው ብሎ ይሆናል፣ አላረመውም። እናቱ ግን ትንሽ ቆየች። ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ ጊዜ የሰጠችው ይመስላል።

"ልክ ነዎት" አለች።

ወደ ላይኞቹ ዞረች። ትልቁ ሰውዬ ቅርጫቱን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉ። "እማማ፣ ክብርዎን አውቃለሁ። ግን መንግሥት ያልሰጠውን እኔ ምን ቤት ነኝ?" ታችኞቹም አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች።

ክርክሩ ተጀመረ። የውሃ አባት ዱላቸውን ይዘው ወደ መሐል ወጡ፤ ውሃው እስከዚህ መስመር ለላይኛው፣ እስከዚህ ለታችኛው እያሉ አስረዱ። "እኔ ለሁለታችሁም እኩል በደልኩ፤ ከዚህ በላይ ፍርድ ከየት ይመጣል?" ሲሉ ጥቂቱ ሳቀ። ከታችኞቹ አንዱ ግን ተናዶ ብድግ አለ። "በደረቁ ወር ውሃውን ሌሊት የዘጋው ማነው? ይናገር!" ሲነሣ ወንበሩ ከኋላው ተገለበጠ፤ ጥይት ጎርሶ የነበረው ጠመንጃው ከእጁ አመለጠ፤ ሰደፉ ድንጋዩን ወለል መታ።

በዚያ ቤት ውስጥ የተኩስ ድምፅ ግድግዳ የፈረሰ ያህል ነው።

ወዲያው ሌላ ድምፅ ተከተለ። በቀኝም በግራም መዝጊያ ተሳበ፣ ተመለሰ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አፈሙዝ ከአፈሙዝ ተፋጠጠ። አሥር አለቃው ልጅ ሳለ፣ አባቱ እጁን ይዞት፣ ያንን ድምፅ ገበያው ላይ ሰምቶት ነበር።

"ወደቀ እንጂ ማንም አልተኮሰም!" የሚል ጩኸት ከመሐል ተሰማ። የውሃ አባት ነበሩ። በሁለት እጃቸው በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። "ሁላችሁም አይታችኋል! ወደቀ ነው! ዝቅ አድርጉ! እኔ እያለሁ አይሆንም፣ ዝቅ!"

አፈሙዞቹ አመነቱ፤ አንዱ ዝቅ አለ፣ ሌላው ተከተለ። የመጨረሻው ዝቅ እስኪል ሽማግሌው አልተቀመጡም። ከዚያ በዱላው ላይ እየተንሸራተቱ ቁጭ አሉ። ከቀበቷቸው በላይ ሸሚዛቸው እየጨለመ ነበር።

"ቀበቶዬን ፍቱልኝ" አሉ። ከላይኞቹም ከታችኞቹም እየሮጡ መጥተው ደገፏቸው። ዓይናቸው ፈልጎ ፈልጎ በሩ ላይ አረፈ፣ አሥር አለቃው ላይ። አንድ ነገር የሚናገሩ መሰለ። አልተናገሩም። ምሥጢሩን እንደጠበቁለት ነፍሳቸው ወጣች።

የጠራ ወይም ያዘዘ የለም። ሰዎቹ መዝጊያቸውን እያወለቁ ወደ ጥጉ ሄዱ። ላይኞቹ ሰጡ፣ ታችኞቹ ሰጡ፤ የሹሙ አማችም ከኋላ መጥቶ ጨመረ። ጠመንጃው የወደቀበት ሰውዬ በጉልበቱ እየዳኸ መጥቶ ሙሉውን ጠመንጃ እግሯ ሥር አኖረ። ቅርጫቱ ሞልቶ ጨርቁ እስኪሸፈን እሷ ቀና አላለችም። "እግዜር ይስጥልኝ" እያለች ተቀበለች፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም፣ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

ሻለቃው አልከለከለም። አዋጁን በቱቦው መልሶ፣ "እንውጣ" ብቻ አለ። ወታደሮቹ በር ላይ ሲደርሱ እማማ መንጠቆ ቀድማቸው ክፍሏ ገብታ፣ መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ እየወለወለች መልሳ እየሰቀለች ነበር። ሰልፉ በዝምታ አለፈ። ያ ቀልደኛ ወታደር እንኳ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

አሥር አለቃው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። መዝጊያውን ሳበ፣ አወለቀ፣ መስኮቱ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ።

"እማዬ" አለ።

ከኋላው ያለው ሰልፍ ቆመ። ከፊት ሻለቃው ፈረሱን ዞር አደረገ።

"ምን አልካት?"

"እናቴ ናት፣ ጌታዬ። የዚህ ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴም እዚሁ ገበያ ላይ ነው የተመታው።"

ሻለቃው ከፈረሱ ወረደ። ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም።

"ጠዋት ጠይቄ ነበር።"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ጮክ ብዬ ነበር የጠየቅሁት።"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"እኔ እኮ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ..." አለ ሻለቃው፤ አልጨረሰውም። ልጓሙን እጁ ላይ ጠቀለለና ወደ ድልድዩ በእግሩ ሄደ።

እናቱ መዝጊያውን አነሣች። እጇ እንደለመደው በጨርቋ ወለወለችው፣ ዘይት ቀባችው፣ እጀታውን እስኪያበራ አሸችው። የምትሰቅለው መሰለው። ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ በመስኮቱ መልሳ ዘረጋችለት።

"ይውሰዱት፣ ጌታው" አለች። "ደንቡ የሚገባ ሰው ይስጥ ነው የሚለው። እርስዎ እየወጡ ነው።"

እጁን ዘረጋ። ብረቱን ስታስይዘው ጣቶቿ እጁ ላይ ከሚገባው በላይ ጥቂት ቆዩ።

"ሲገቡ እንገናኝ" አለች፤ ወደ መንጠቆዎቿም ዞረች።

አሥር አለቃው ድልድዩን ተሻገረ። ሽቅቡን ሲወጣ ጠመንጃው በትከሻው፣ መዝጊያው በጭብጡ ነበር። ዘይቱ በጣቶቹ መሐል ወርዶ እስከ እጅጌው ደረሰ። አልጠረገውም፤ መዝጊያውንም መልሶ አልገጠመውም። ወታደሮቹ አይተውታል፤ የሳቀ ግን አልነበረም።